«ፎልት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺዎችና የአማርኛ አቻዎቹ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የትርጒም ስሕተት ነው። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ በደረሰ ጊዜ፣ በተለይም ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት መጠኑ ከ5 በላይ የሆነው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ በተሰማ ጊዜ፣ ለሕዝብ የሚታደል አንድ አጭር ማስገንዘቢያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ አስተያየት እንድሰጥበት ቀረበልኝ። ተርጓሚው ስለ ስምጥ ሸለቆ በሚናገረው ክፍል «ፎልት» የሚለውን ቃል በሦስት ስፍራ አግኝቶ በሦስቱም ስፍራ «ጥፋት» ብሎ መልሶታል። ስለዚህም የአማርኛው ረቂቅ አንድ ከተማ «ከዋናው የጥፋት መስመር» ምን ያህል እንደሚርቅና «በጥፋቱ ግራና ቀኝ» የሚኖሩ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው የሚዘረዝር ሆኖ ነበር።

ረቂቁን ቀራንዮ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ያሉ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ያዳምጡኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የማን ነው ይላል? የኛ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የማንም አይደለም፣ የመሬት ነው ብላቸው፣ «ሰው ያጠፋል እንጂ መሬት ምን አጠፋች!» ብለው መለሱልኝ።

እኒህ እናት በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩት፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ፎልት»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ሊያዩት የሚገባውን ዋና ነገር ነው። በአማርኛ «ጥፋት» ባለቤት ይፈልጋል። ቃሉ በተነገረ ጊዜ ሰሚው ሳያስብበት «የማን?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝኛው «ፎልት» ግን ባለቤት ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል፤ በሰው ላይ ሲነገር በደል፣ በዕቃ ላይ ሲነገር እንከን፣ በምድር ላይ ሲነገር ደግሞ ምንም ወቀሳ የሌለበት የአለት ሁኔታ ስም ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ባገኘ ቍጥር አስቀድሞ ዐረፍተ ነገሩ የሚመልሰው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነው፣ ወይስ «ምን ጎድሎታል?» የሚል ነው፣ ወይስ «የት ነው?» የሚል ነው ብሎ መመርመር አለበት። አቻው የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

የቃሉን ታሪክ ባጭሩ ማየት ይጠቅማል። «ፎልት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛው ቃል ደግሞ መሠረቱ የላቲኑ «ፋሌሬ» ሲሆን፣ ይኸውም ማታለል፣ መሳት፣ ሳይሆን መቅረት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ይነገር የነበረው «ል» ሳይኖርበት ነበር፤ «ል»ን ሊቃውንት ላቲኑን አስታውሰው በጽሕፈት ጨመሩበት፣ ሕዝቡም ከብዙ ዘመን በኋላ በአፉ ተቀበለው። ከሁሉ የቀደመው ፍቺ ማጣት፣ መጕደል የሚለው ነው። የምግባር ጕድለት፣ ቀጥሎም በደልና ተጠያቂነት የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በግእዝ ለዚህ ለመጀመሪያው ፍቺ እጅግ የሚቀርበው «ሕጸጽ» ነው፤ ሥሩ «ሐጸ» ማነስን፣ መጕደልን ያመለክታልና። ዛሬ «ሕጸጽ» በአማርኛ የሚነገረው ስለ ሐሳብና ስለ አመክንዮ ጕድለት በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ለዚህ ጥናት ሰፊ ማስረጃ የሚሰጠን መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አጋጣሚ ሆኖ የሰፈሬ ስም ወደዚያው ይመራል። ቀራንዮ ስሙን ከቤተ ክርስቲያኑ የወረሰ ሰፈር ሲሆን፣ ቃሉ በመሠረቱ የራስ ቅል ማለት የሆነው የግሪክኛው «ክራንዮን» ነው፤ የግእዝ ተርጓሚዎች ሳይፈቱት እንዳለ ተቀበሉት። በወንጌል ወደ ቀራንዮ ከመወጣቱ በፊት ጲላጦስ በተከሳሹ ላይ ምንም እንዳላገኘበት ይናገራል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛው ትርጒም በዮሐንስ ምዕራፍ 18 ቍጥር 38 እና በሉቃስ ምዕራፍ 23 ቍጥር 4 ላይ ያስገባው ቃል «ፎልት» ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ስፍራ «በደል» ይላል። ግሪክኛው በሁለቱ ስፍራዎች የሚጠቀምባቸው ቃላት ምክንያት፣ የክስ መነሻ የሚል ፍቺ ያላቸው ናቸው፤ ዳኛው የሚናገረው ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ለፍርድ የሚያበቃ ነገር ስለ ማጣቱ ነው። «በደል» ከዚህ ይልቅ ወደ ሥነ ምግባር ያደላል፤ ሆኖም የሚያነበው ሁሉ ሳይቸገር ይረዳዋል።

በዚሁ በእንግሊዝኛው ትርጒም «ፎልት» የሚል የሚገኝባቸውን ሌሎች ስፍራዎች ከአማርኛው ጋር ስናስተያይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ቍጥር 7 አማርኛው «ጉድለት» ይላል። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቍጥር 16 «ኃጢአት» ነው። እንግሊዝኛው ፎልት የሌለባቸው የሚላቸውን በራእይ ምዕራፍ 14 ቍጥር 5 እና በይሁዳ መልእክት ቍጥር 24 ያሉትን አማርኛው «ነውር» በሚለው ቃል ይገልጻቸዋል። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን አማርኛው ስምን ትቶ በግስ የሚጠቀምበት ስፍራ ነው፤ በሮሜ ምዕራፍ 9 ቍጥር 19 «ነቀፈ»፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ቍጥር 15 «ወቀሰ» የሚሉት ግሶች ገብተዋል፤ እንግሊዝኛው በሁለቱም ቦታ «ፎልት» ከሚለው ስም ጋር ሌላ ግስ አጣምሮ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ የአማርኛው ተርጓሚዎች ከእንግሊዝኛው አልተረጐሙም፤ ስለዚህ ይህ ንጽጽር አንዱ የሌላው ትርጒም መሆኑን አያሳይም። የሚያሳየው ሁለት ቋንቋዎች አንድን ሐሳብ ለየብቻቸው ሲገልጹ፣ እንግሊዝኛው በአንድ ስም የሰበሰበውን አማርኛው ለአራት ስሞችና ለሁለት ግሶች ማካፈሉን ነው። አማርኛ በቃል ድኻ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ምሳሌ ቢመለከቱት መልካም ነው።

አሁን ወደ «ጥፋት» እንመለስ። የቃሉ ሥር «ጠፋ» ነው፤ ከዓይን መሰወር፣ አለመገኘት፣ መክሰም። «መንገድ ጠፋው»፣ «ከብቱ ጠፋ»፣ «መብራት ጠፋ» ይባላል። አድራጊው «አጠፋ» ግን ሁለት መንገድ ይይዛል። አንደኛው እንዳይኖር ማድረግ ነው፤ «መብራቱን አጠፋ»፣ «አገር አጠፋ»። ሁለተኛው መበደል፣ መሳሳት ነው፤ በዚህ ፍቺው ተሳቢ ሳይጠይቅ ብቻውን ይቆማል። «አጥፍቻለሁ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆም ሰው ምን እንዳጠፋ እንዲናገር አይገደድም፤ ግሱ ራሱ በቂ ነው። ከግሱ የወጣው «ጥፋት» የተባለው ስም ሁለቱንም መንገዶች ስለ ወረሰ፣ «የጥፋት ውኃ» ስንል ውድመትን፣ «የልጁ ጥፋት» ስንል ስሕተትን እንረዳለን። «የጥፋት መስመር» የሚለው ስያሜ የሚያስደነግጠውም ስለዚህ ነው፤ አንባቢው ከሁለቱ ፍቺዎች የትኛውንም ቢመርጥ ያገኘው ወይ ውድመት ነው ወይ ኃጢአት።

ተመሳሳይ ጉዞ የሄደ ሌላ ቃል «አበሳ» ነው። በግእዙ የአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት «አበሳ» እና «ጌጋይ» ጎን ለጎን ቆመው በደልንና ስሕተትን ያመለክታሉ። በዛሬው አማርኛ «ጌጋይ» ከቤተ ክህነት ውጭ አይሰማም፤ «አበሳ» ግን በየአፉ አለ፤ ይሁንና ፍቺው ከበደል ወደ መከራ ተዛውሯል። «አበሳውን አየ» የተባለ ሰው የተቀጣ በደለኛ መሆኑ ቀርቶ የተሠቃየ ሰው ብቻ ሆኗል። ከመበደል ወደ መጎዳት የሚወስደው ድልድይ በአማርኛ ዘንድ አጭር ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ጉዳይ የሕግ ቋንቋ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቀው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። ፈረንሳይኛው በወንጀል የሚጠየቅን ሰው የሚጠራበት ቃልና በፍትሐ ብሔር ካሣ የሚያስከፍለውን አድራጎት የሚጠራበት ቃል ልዩ ልዩ ናቸው፤ እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ሁለቱን በተለያዩ ቃላት ይጠራል። አማርኛው ግን ለፍትሐ ብሔሩ «ጥፋት»ን መረጠ፤ በወንጀል ችሎትም ዳኛው ፍርድ ሲሰጥ «ጥፋተኛ ነህ» ወይም «ጥፋተኛ አይደለህም» ይላል። ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ከአንድ ሥር በወጡ ሁለት ቃላት ተሰየሙ ማለት ነው።

ይህ ለሕግ ባለሙያው ችግር አይፈጥርበት ይሆናል፤ ለባለጉዳዩ ግን ይፈጥርበታል። አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ሰው ቤት ለመሥራት በመንገድ ዳር ጕድጓድ ቆፍሮ ሳያጥር ይተዋል፤ የጎረቤት ልጅ ገብቶበት እግሩ ይሰበራል። ሰውየው በቸልተኝነት አካል አጕድሏል ተብሎ በወንጀል ይከሰሳል፤ ማስረጃው ስላልበቃ «ጥፋተኛ አይደለህም» ተብሎ በነፃ ይሰናበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ የልጁ አባት ካሣ ይጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2149 እንደሚለው ይህን የካሣ ክርክር የሚሰማው ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነፃ መባሉ አያስገድደውም፤ ስለዚህ በአንቀጽ 2028 መሠረት «ጥፋት» አለብህ ብሎ ሊያስከፍለው ይችላል። ሰውየው በእጁ ያለውን የፍርድ ግልባጭ ዘርግቶ «ጥፋተኛ አይደለህም ተብዬ የለም ወይ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? እንግሊዝኛውን ወይም ፈረንሳይኛውን የሚያነብ ሰው ቢሆን ሁለቱ ውሳኔዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሚናገሩ ከቃላቱ ብቻ ይረዳ ነበር። አማርኛውን የሚያነበው ግን መንግሥት በአንድ ነገር ላይ ሁለት አፍ የተናገረ ይመስለዋል።

ልዩነቱ ከዚህም ይርቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2029 ጥፋት ሆን ተብሎም በቸልተኝነትም ሊፈጸም እንደሚችል፣ ማድረግም አለማድረግም ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። አንቀጽ 2030 ደግሞ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር ጥፋት መኖር አለመኖሩ ሲመዘን የሰውየው ዕድሜና የአእምሮው ሁኔታ እንደማይታይ ይደነግጋል። በሕዝቡ አነጋገር ሕፃን «አያውቅም» እንጂ «አጠፋ» አይባልም፤ አእምሮው የታመመ ሰውማ ጥፋት አይቈጠርበትም። የሕጉ ጥፋት እነዚህንም ይጨምራል፤ መለኪያው የልብ ክፋት ሳይሆን አስተዋይ ሰው በዚያ ስፍራ ያደርገው ከነበረው አድራጎት መራቅ ነው። እዚህ ላይ «ጥፋት» ከሕዝቡ ቃልነት ወጥቶ ሙያዊ ቃል ሆኗል፤ ልብሱ ግን ያው የቀድሞው ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 2066 ጀምሮ ጥፋት ሳይኖርም ኃላፊነት የሚመጣባቸውን ሁኔታዎች መዘርዘሩ፣ ለምሳሌ የእንስሳ ባለቤትን (አንቀጽ 2071) ወይም የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትን (አንቀጽ 2081) ኃላፊ ማድረጉ፣ «ሳላጠፋ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለውን የተለመደ አቤቱታ ያስነሣል።

ይህን ቃል ከስድሳ ዓመት በላይ ከሠራበት በኋላ እንለውጠው ማለት ከንቱ ድካም ነው። ፍርዶች፣ የትምህርት መጻሕፍት፣ የጠበቆች አቤቱታዎች ሁሉ በእርሱ ተጽፈዋል። ሊደረግ የሚችለው ቅጥያውን መጠበቅ ነው። «ጥፋተኛ» የሚለውን ለወንጀል ፍርድ ብቻ መተው፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ «ፎልት» ያለበትን ሰው «ጥፋት ያለበት» ወይም እንደ ዐውዱ «ተጠያቂ» ማለት፤ «ጥፋተኛ» ብሎ አለመጥራት። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ዳኛው በቃል ሲያስረዳ የባለጉዳዩን ክብር ይጠብቃል። አንዳንድ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ይህን ሳይነገራቸው ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር በቤተ ሰብ ሕግ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለፍቺ ከባድ ምክንያት መኖር አለመኖሩ ይመረመር ነበር፤ የመፍረሱ ኃላፊነትም ለአንደኛው ወገን ይሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን አሠራር አስቀርቷል። በውጭ አገር ጽሑፎች ለዚህ ዓይነቱ ፍቺ የሚሰጠው ስም በቀጥታ ሲመለስ «ጥፋት የሌለበት ፍቺ» ይሆናል፤ እንዲህ ሲባል ግን ባልና ሚስቱ አንዳች አልተበዳደሉም የሚል ስሜት ይሰጣል። የተባለው ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ለመወሰን ጥፋተኛውን አይፈልግም። «ጥፋት የማይጠየቅበት ፍቺ» ቢባል ሐሳቡ ሙሉ ይሆናል።

ስለ ዕቃና ስለ መሣሪያ ሲነገር ጉዳዩ ቀለል ይላል። አማርኛ እዚህ በቃል አልተቸገረም፤ «እንከን»፣ «ጕድለት»፣ «ብልሽት»፣ ስለ ጽሕፈትና ስለ ኅትመት «ግድፈት» አሉን። የመብራትና የስልክ መስመር ሠራተኞች «የመስመር ብልሽት» ይላሉ፤ ይህ የሰፈነ ስለሆነ መነካት የለበትም። አንድ ማስተዋል የሚገባ ነገር ግን አለ። በምሕንድስናና በኮምፒዩተር ሥራ «ፎልት» የሚባለው ተሰውሮ ሊቆይ የሚችለው መንሥኤ ነው፤ ከእርሱ የተሳሳተ ውጤት ይወጣል፤ በመጨረሻም መሣሪያው አገልግሎቱን ያቋርጣል። ሦስቱን ሁሉ «ብልሽት» ብንል መንሥኤውና ውጤቱ ይደባለቃሉ። መንሥኤውን «እንከን»፣ መካከለኛውን «ስሕተት»፣ መቋረጡን «ብልሽት» ማለት ይሻላል። እንከን ያለበት ግድብ ወይም አውሮፕላን ገና ሳይበላሽ ሊታረም ይችላልና፣ ይህ የቃላት ልዩነት በጥገና ሠራተኛው መዝገብ ላይ ዋጋ አለው።

የሰው ጠባይ እንከንም በዚሁ ክፍል ይመደባል። እንግሊዝኛው ፎልት መፈለግ ለሚለው አማርኛ «አቃቂር ማውጣት» የሚል እጅግ ያማረ አነጋገር አለው፤ የራሱን ትቶ የሌላውን ለሚመረምርም «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። እንከን የሌለበትን «እንከን የማይወጣለት» እንላለን። ተርጓሚዎች በተለይ የሚሰናከሉበት፣ እንግሊዝኛው አንድን መልካም ጠባይ ከጠቀሰ በኋላ «እስከ ፎልት ድረስ» ብሎ የሚጨምርበት አነጋገር ነው። «ለጋስ ነው እስከ ጥፋት» የሚል ትርጒም ሰውየው በልግስናው አገር ያጠፋ ያስመስለዋል። «ልግስናው ከልክ ያለፈ ነው» ወይም «ልግስናው ራሱን እስኪጎዳው ነው» ማለት ይበቃል። እንግሊዝኛው ያለራሱ ፎልት ለሚለውም «ባላጠፋው» የሚለው አንድ ቃል ይበቃል፤ «ባላጠፋው ተቀጣ»።

የስፖርት ዘጋቢዎችን በሚመለከት አንዲት ነገር ላንሣ። በእግር ኳስ «ፋውል» የሚባለው ከ«ፎልት» ጋር ዝምድና የለውም፤ እርሱ ቆሻሻ፣ ርኩስ ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ዘጋቢዎች «ጥፋት ተሠርቷል» ማለታቸው ትክክል ነው፤ አጥፊ አለና። በሜዳ ቴኒስ «ፎልት» የሚባለው ግን ኳስ ማስጀመሪያው ምት ከተወሰነው ክልል ውጭ ሲያርፍ ነው፤ እርሱን «የተበላሸ ምት» ማለት እንጂ «ጥፋት» ማለት አያስፈልግም።

የቀረው ምድር ነው፤ ጽሑፋችንም የተነሣው ከዚያ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ወደ ሥነ ምድር የገባው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከማዕድን ቈፋሪዎች አፍ ነው። ቈፋሪው የድንጋይ ከሰሉን ንጣፍ ተከትሎ ሲሄድ ንጣፉ ድንገት ይቋረጥበታል፤ ከፊቱ ባዶ አለት ይገጥመዋል፤ ቀጣዩ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። አዳኞችም ውሻቸው የአውሬውን ሽታ ሲያጣ በዚሁ ቃል ይናገሩ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ እኛም «ዱካው ጠፋ» እንላለን። የእንግሊዙ ቈፋሪና የኛ አዳኝ በየቋንቋቸው ከማጣትና ከመጥፋት የተነሣ ቃል ይዘው አንድ ስፍራ ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ ተርጓሚያችን «ጥፋት» ሲል ሥሩን በማየት ፈጽሞ አልተሳሳተም ብዬ ልከራከርለት እችላለሁ፤ የተሳሳተው ቃሉ ዛሬ በሰሚው ጆሮ የሚሰጠውን ድምፅ ባለማዳመጡ ነው።

በጋዜጦችና በራዲዮ ለዚህ ፍቺ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ስንጥቅ» ነው። ይህ አይከፋም፤ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። አለት ተሰንጥቆ ሁለቱ ወገኖች በነበሩበት ከቆሙ ስንጥቅ ነው፤ በስንጥቁ አንዱ ወገን ከሌላው አንጻር ከተንሸራተተ ግን «ፎልት» ይሆናል። መሬትን የሚያንቀጠቅጠው መሰንጠቁ ብቻ ሳይሆን ይህ መንሸራተት ስለሆነ፣ ስያሜው እርሱን መያዝ ይገባዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ወደ ላይ ሰርጎ ምድሩን በከፈተው ጊዜ ሁለቱም ዓይነት በአንድነት ታይተዋል፤ አፉን የከፈተው «ስንጥቅ» መባሉ ትክክል ነው፤ በአንድ ወገን ዝቅ ብሎ እንደ ደረጃ የቀረው ግን ሌላ ስም ይፈልጋል።

ለዚህ የማቀርበው ቃል «ዝንፈት» ነው። የቀሚስ ጫፍ አንዱ ወገን ከሌላው ሲረዝም «ተዛነፈ» እንላለን፤ ከመስመሩ የማይለቅን ነገር «ዝንፍ የማይል» እንላለን። ሥሩ ተስተካክለው የነበሩ ሁለት ነገሮች አለመግጠማቸውን በትክክል ይገልጻል፤ ወቀሳም ሆነ ውድመት አይሸከምም። ለርባታም ይመቻል፤ አንዱ ወገን ቁልቁል ሲወርድ «ቁልቁል ዝንፈት»፣ ሲጫን «ሽቅብ ዝንፈት»፣ ጎን ለጎን ሲተላለፍ «የጎን ዝንፈት»፣ ዛሬም የሚንቀሳቀሰው «ንቁ ዝንፈት» ሊባል ይችላል። «ስምጥ ሸለቆ» ከሚለው ከተዋጣለት ስያሜ ጋርም ይስማማል፤ ሸለቆው የሰመጠው በሁለት ወገን ባሉ ቁልቁል ዝንፈቶች መካከል ነውና። አንዳንድ የሥነ ምድር ባለሙያዎች «ፎልት»ን እንዳለ እንውሰደው ይላሉ። የውጭ ቃል እንዳለ መውሰድ በራሱ ነውር አይደለም፤ ቀራንዮ ራሱ እንዲያ የተወሰደ ነው። ነገር ግን ከ«ፎልት» ግስ ማውጣት አንችልም፤ ከ«ዝንፈት» ግን «ዛነፈ»፣ «ተዛነፈ»፣ «መዛነፍ» ሳንቸገር እናወጣለን፤ ስለ ምድር የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከስሙ ይልቅ ግሱን አብዝቶ ይፈልገዋል።

ማስገንዘቢያውን በዚሁ መሠረት አርሜ፣ «ዝንፈት» በመጀመሪያ በሚገባበት ስፍራ አንድ የማብራሪያ ሐረግ ጨምሬ ለጎረቤቴ እንደገና አነበብሁላቸው። ጥቂት አስበው፣ «ታዲያ ይኸ ዝንፈት የምትሉት እኛ ከተማ አለ? የት ነው?» አሉኝ። ፍል ውኃ ዘንድ አንድ አለ፤ የፍል ውኃው ትኵስ ውኃ የሚወጣውም በእርሱ በኩል ነው አልኋቸው።

«ኧረ እኔ እዚያ ስንት ጊዜ ታጥቤያለሁ!» አሉ።